ማንም አያየውም ጋሼ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። የተሳደብኩትን፣ በጾም የበላሁትን፣ እናቴ እያወራችኝ ስልክ የዘጋሁባትን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ይህን ግን አልተናገርኩም። ምላሴ ላይ ደርሶ መልሼ የዋጥኩት ጊዜ አለ። አፍሬ እንዳይመስልዎ። ቄሱ «ተጸጽተሻል ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው የዋጥኩት። እርስዎ ይህን የሚያነቡ ሰው ቄስ አይደሉም፤ ቀኖና አይሰጡኝም፤ ማን እንደሆኑም አላውቅም። ስለማላውቅዎ ነው አንቱ የምልዎት። ይህን አንቱታ ከማን እንደተማርኩት ኋላ ይደርሱበታል።

እኔ ነኝ ያደረግኩት። ጋሽ መኩሪያን በሰው ፊት ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ። የሰማ ሁሉ «ኮምፒውተሩ ነው ጉድ የሠራቸው» ይላል። ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? የታዘዘውን አደረገ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

አስቀድሜ እሳቸው ያደረጉኝን ልናገር። ነጻ ለመውጣት ብዬ አይደለም፤ ቂሜን ካላወቁ በደሌንም አያውቁትም ብዬ ነው።

ጋሽ መኩሪያ ሀገር ቤት ታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ዲቪ ደርሷቸው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩነሽና ከአንድ ልጃቸው ከዳዊት ጋር መጥተው አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ገቡ። ኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጡ ነበር። አትላንታ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ሆነው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔና ባለቤቴ ኃይሉ ስንጣላም የተጠሩት እሳቸው ነበሩ።

ኃይሉ ልጅ ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ሲጠጣ በሩን በእግሩ የሚከፍት ሰው ቤት ልጅ ማምጣት አልፈለግኩም። ስለዚህ እሱ ሳያውቅ ክኒን እወስድ ነበር። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ መኩሪያ አፓርታማችን በር ላይ መኪናቸውን አቁመው፣ «ልጄ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለውን ካላወጣሽልኝ ምን ብዬ አስታርቃለሁ?» አሉኝ፤ አወጣሁላቸው። አልቅሼ ነው ያወጣሁላቸው። «በእኔና ባንቺ መሀል ይቀራል» አሉኝ።

አልቀረም። በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ኃይሉ ተቀምጦ፣ የኃይሉ እህት ተቀምጣ፣ ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ክኒኑን አወሩት። እውነት ካልወጣ እርቅ የለም አሉ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ኃይሉ ተነስቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። እናቱ ከአዲስ አበባ ደውላ «ዘሬን ያመከንሽ» ብላ ረገመችኝ። ሀበሻ ሱቅ ስገባ ሴቶቹ ሰላም ከማለታቸው በፊት ሆዴን ያዩ ጀመር። እኔ የማለቅሰው ስለ ኃይሉ እንዳይመስልዎ። ኃይሉስ ይሂድ። ገላዬን፣ የገዛ ገላዬን ነገር፣ እንደ ስብሰባ አጀንዳ በሰው ፊት ስለዘረገፉት ነው።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አግኝቻቸው ለምን እንዳደረጉኝ ጠየቅኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ለእርቅ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ይቅርታ እንኳ አላሉም። ሳህናቸውን ይዘው ምግብ ወዳለበት ሄዱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አልረሳሁም።

ያኔ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስለምውል ሀበሻው ሁሉ የኮምፒውተር ሊቅ አድርጎ ቆጠረኝ። የመረዳጃ ማኅበራችን ቻምብሊ ውስጥ፣ ከጎማ ቤት ጎን፣ አንዲት አዳራሽ ተከራይቶ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ለትልልቅ ሰዎች ኮምፒውተር እንዳስተምር ተለመንኩ። እሺ አልኩ። ጋሽ መኩሪያም ዳዊት ትቶላቸው የሄደውን ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው መጡ። ዳዊት ቴክሳስ ሥራ አግኝቶ ሄደ ይባል ነበር። እትዬ ጥሩነሽ «የቴክሳስ ሰው ስልክ አያነሳም እንዴ?» እያሉ ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ጋሽ መኩሪያ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። አንድ ነገር ግን እምቢ አሉ፤ ኢንተርኔት የምንፈልግበትን ብራውዘር አንተ አልለውም አሉ። ሌላው ተማሪ «የአየር ሁኔታ አትላንታ» ብሎ ሲጽፍ፣ እሳቸው «እባክዎን የዛሬውን የአየር ሁኔታ ይንገሩኝ» ብለው ይጽፋሉ። በአማርኛ ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ በአንዲት ጣት። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ «ጋሼ፣ እቃ እኮ ነው፣ አያፍርብዎትም» እላለሁ። እሳቸው ኮስተር ብለው፣ የማላውቀውን ሰው እንዴት አንተ እላለሁ ይላሉ። ያስቡት፤ ለቆርቆሮ አንቱ የሚል ሰው የእኔን ገላ ግን አላከበረም። እኔ በአፌ «ጋሼ፣ እርስዎ» እያልኩ በልቤ «አንተ» እላቸው ነበር። አንተ፣ አንተ፣ ቆይ አንተ።

አንድ ቅዳሜ ሁሉም ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ልጄ ሰብለ፣ እዚህ ላይ የምጽፈውን ሰው ያየዋል?»

ማን እንዳያይባቸው እንደፈለጉ ጠየቅኳቸው። «ማንም። ለምሳሌ ጥሩነሽ» አሉ። ምን ሊሆን ይችላል? ሴት? ቁማር? እኚህ ሰው፣ በየቤቱ እየዞሩ «ባልና ሚስት መሀል ምስጢር አይኑር» የሚሉ ሰው፣ ከሚስታቸው የሚደብቁት ነገር አላቸው። እግዜር በፌስታል ጠቅልሎ እጄ ላይ ጣለልኝ አልኩ። ያኔ እግዜር ነው ብዬ ነበር፤ ማን እንደነበር አሁን እርስዎ ይፍረዱ።

ሴቲንግ ከፈትኩላቸው። «ክሊር ሂስትሪ» የሚለውን ሲያዩ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ታሪክን ማጥፋት ነው አልኳቸው። ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬ አሁን ላጥፋ? አሉ። ማጥፋት አያስፈልግዎትም፣ እኔ እዘጋልዎታለሁ አልኩ። ላፕቶፑን ወደ ራሴ አዞርኩት። አዳራሹ ውስጥ ከፕሮጀክተሩ ጋር የተያያዘ የማኅበሩ ኮምፒውተር አለ፤ የራሱ አካውንት አለው፣ ቁልፍ ቃሉን የማውቀው እኔ ነኝ። የጋሽ መኩሪያን ብራውዘር በዚያ አካውንት አስገባሁት። ከዚያ፣ መጥፋት የነበረባትን ማብሪያ አበራኋት። ግራጫ ነበረች፣ ሰማያዊ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው የሚጽፉት ሁሉ ቻምብሊ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ ጀመር።

«ማንም አያየውም ጋሼ» አልኳቸው።

«ተባረኪ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ቂም ነው፣ ስንፍና ነው ብዬ አልፈው ነበር። አላበቃም። በሳምንቱ ከተማሪዎቹ ቀድሜ አዳራሽ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሴት የለም። ቁማርም የለም። ያገኘሁት ይህን ነው፤ «እባክዎን ልጄ ዳዊት የታሰረበትን እስር ቤት የመጠየቂያ ቀን ይንገሩኝ»። ከሥሩ፣ «እባክዎን ጠጥቶ ሲነዳ ሰው የገጨ ልጅ መቼ እንደሚፈታ ይንገሩኝ»። ከዚያ ሥር፣ «እባክዎን እናቱ ሳትሰማ ልጅን መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ይንገሩኝ»። ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው፣ ቃሉን እየለዋወጡ፣ ምናልባት ትሕትናው አንሶ ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ፣ «በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚል እየጨመሩ ጽፈዋል። ያኔ በአማርኛ ተጽፎ የሚገኝ ነገር ምን ነበር? የበዓል ዘፈን ነው የሚመጣላቸው። ለሰው መናገር ፈርተው ማሽን ጠየቁ፤ ማሽኑ ዘፈን መለሰላቸው።

እትዬ ጥሩነሽ ብርቱ የደም ግፊት እንዳለባቸው አውቅ ነበር። መድኃኒታቸው ከቦርሳቸው አይለይም። ጋሽ መኩሪያ የደበቁት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሁሉን ተረዳሁ። ያቺን ማብሪያ መልሼ ማጥፋት እችል ነበር፤ እጄ ማውሱ ላይ ነበር። አላጠፋኋትም። ሳላውቅ አይደለም የበደልኩት፤ አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ አዝኜም ጭምር ነው። አዎ፣ ትንሽ አዝኛለሁ። ከዚያ ግን የኃይሉ እህት ያን እሁድ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ ትዝ አለችኝ። እኔ ስገፈፍ ማን አዘነልኝ? እሾህን በእሾህ አልኩ።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ማኅበሩ የበዓሉን ግብዣ ለማዘጋጀት ተሰበሰበ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ጋሽ መኩሪያና እትዬ ጥሩነሽ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ኢዮብ ነው፤ እዚህ ያደገ፣ የሂሳብ ሥራ ያለው፣ አማርኛ የሚሰማ፣ ፊደል ግን በቅርቡ የጀመረ ጎልማሳ። ማንበብ መቻሉን ለማሳየት የመንገድ ታፔላ እንኳ በአማርኛ ቢሆን ደስ ይለዋል። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለግብዣው ወረቀት የሚሆን «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ሥዕል ፈልግ፣ በአማርኛ ጻፈው፣ ፊደል ተምረህ የለ አልኩት። ሰዉ አጨበጨበለት። ኢዮብ «እ»ን ጻፈ። «እ» ብቻ። ግድግዳው ላይ፣ በትልልቁ፣ ከሥር ከዚህ በፊት በ«እ» ተጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ተዘርዝሮ ወረደ።

«ኦ፣ ዌይት፣ ራሱ ጻፈው» አለ ኢዮብ ደስ ብሎት። «ላንብበው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይበቃ ነበር። «ዝጋው» ማለት እችል ነበር። ምን አልኩ?

«አንብበው» አልኩት።

ኢዮብ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «እ…ባ…ክ…ዎን» አለ። «እባክዎን!» ሲል ሰዉ በሙሉ አጨበጨበ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ይሄማ ጋሽ መኩሪያ ናቸው!» ብላ ሳቀች፤ ኮምፒውተርን አንቱ የሚል ሌላ ሰው አትላንታ ውስጥ የለም። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሮ ሳቀ። እሳቸውም መሳቅ ጀምረው ነበር። ይህን ፈገግታ ነው እስከ ዛሬ የማየው፤ ግማሽ ላይ የቀረውን። ኢዮብ ሰዉ ሲስቅለት ጎበዝኩ ብሎ ቀጠለ፤ «ል…ጄ… ዳ…ዊት… የታ…ሰረ…በትን…» አለና ድምፁ ቀነሰ። የሚያነበው ነገር ለራሱ ያኔ ገባው። ማውሱን ቢያንቀሳቅስም መዝጊያው ጠፋው።

ሳቁ ከኋላ ወንበሮች ወደ ፊት እየተቆረጠ መጣ። እትዬ ጥሩነሽ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አደረጉ። ቀሪውን ማንም አላነበበላቸውም፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ራሳቸው አነበቡት። «እናቱ ሳትሰማ» የምትለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቴክሳስ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ሊይዟቸው ሲሉ እትዬ ጥሩነሽ ቀስ ብለው አስለቀቁ። ከዚያ ወደ አንድ ወገን አዘነበሉ። መድኃኒቱን ከቦርሳቸው ፈልጌ ያወጣሁት፣ ውኃ ያጠጣሁት፣ በጋዜጣ ያራገብኩላቸው እኔ ነኝ። ሰዉ «ሰብለ ባትኖር ምን ይውጣቸው ነበር» አለ። እውነቱን ልንገርዎ? እያራገብኩ ሳለሁ እንኳ፣ ቀና ብዬ ጋሽ መኩሪያ ግድግዳው አጠገብ ብቻቸውን ቆመው፣ ሰው ሁሉ ሲያያቸው ሳይ፣ ልቤ ጠገበ። እንዲህ ነው፣ እንዲህ ነው የሚሰማው አልኩ። ጠገበ፤ ይህን አልክድም።

እትዬ ጥሩነሽ ሆስፒታል ሰንብተው ተሻላቸው። ጋሽ መኩሪያ ሽምግልናውን ተዉ። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ፣ ሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ድረስ መጡ። የመጡበት አሮጌ መኪና ያችው ያለቀስኩባት መኪና ነበረች።

«ሰብለ፣ ማንም አያየውም ብለሽኝ ነበር» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ አንድ ትምህርት እንዳልገባው ተማሪ ነው የጠየቁኝ።

ይህን ቀን ስንት ጊዜ በልቤ ተለማምጄዋለሁ። ዓይናቸውን እያየሁ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጌ፣ «ለእርቅ ብዬ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ሲገባቸው አየሁት፤ ከግንባራቸው ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። «ልክ ነሽ» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ለማንም ሊናገሩ ይችሉ ነበር። አንድ ቃል ቢተነፍሱ እኔ አትላንታ ውስጥ የት እገባ ነበር? ስጠብቅ ከረምኩ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ማንም ምንም አላለኝም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ እትዬ ጥሩነሽ ያንኑ ላፕቶፕ በዚያው ፌስታል ይዘው ትምህርት መጡ። ባላቸው ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳዊትን ለመጠየቅ ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ነው ተብለዋል፤ ያን እንዳሳያቸው ነበር የመጡት። አሳየኋቸው። መጀመሪያ ግን፣ እሳቸው ሳያዩ፣ ያቺን ማብሪያ አጠፋኋት። ቀጠሮው ሲያዝ እጄን ያዙኝ፤ «ያ ኮምፒውተር ባያጋልጥልኝ ኖሮ ልጄን ሳላየው እሞት ነበር። እኔን እዚህ ያበቃሽኝ አንቺ ነሽ፤ እግዜር ማኅፀንሽን ይባርክልሽ» አሉኝ።

ማኅፀንሽን አሉኝ። እኔን። አሜን ብዬ አጎነበስኩ። ሌላ ምን ልበል? አንዳንዴ ይህን ምርቃት እንደ ማስረጃ ላቀርበው ይቃጣኛል፤ ተመልከቱ፣ በጎም ወጥቶበታል፣ እናት ልጇን አገኘች ልል። ይቅርብኝ። እኔ ያን ቀን «አንብበው» ስል እናትን ከልጇ ላገናኝ አልነበረም። እሳቸው ወንበሩ ላይ ሲያዘነብሉ ሞተው ቢሆንስ ኖሮ፣ ምርቃቱን ከማን እቀበል ነበር?

ጋሽ መኩሪያ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ዳዊት ተፈትቶ ስለነበር የቀበራቸው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ሳለ እትዬ ጥሩነሽ «ሰብለ ማለት ይቺ ናት» አሉት፤ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ሰዉ እንደ ልማዱ የሟቹን ደግነት ያወራ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «ምስጢር መቋጠር ባይችሉም ደግ ሰው ነበሩ» አሉ። ሁሉም «እውነት ነው፣ ምስጢርስ አይችሉም ነበር» እያለ፣ በሐዘን መሀል ፈገግ እያለ፣ ራሱን ነቀነቀ።

በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ውሸት መሆኑን የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሽ መኩሪያ የእኔን ምስጢር፣ የጎዳቸውን ምስጢር፣ ከሚስታቸው እንኳ ደብቀው ወደ መቃብር ይዘውት ወርደዋል። ምን አደረግኩ መሰለዎ? እኔም ከሰው ጋር ራሴን ነቀነቅኩ።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ነው የበደልኳቸው። በመጀመሪያው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ልጸጸት አልቻልኩም፤ ያ እሁድ ትዝ ባለኝ ቁጥር ቂሜ እንደ አዲስ ይነሳል። በሁለተኛው ግን እንቅልፍ የለኝም። በልቤ አንተ ማለቱን ትቻለሁ፤ አሁን አንቱ ነው የምላቸው፣ አይሰሙኝም እንጂ። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ዛሬም ብራውዘሩ የሆነ ነገር በጠየቃቸው ቁጥር ይደውሉልኛል፤ «እሺ ልበለው ወይስ እምቢ?» ይሉኛል። እምቢ ይበሉት እላቸዋለሁ። «ሰው አያየውም አይደል?» ይላሉ። አያየውም እትዬ እላለሁ፤ ያምኑኛል።

እርስዎን አላውቅዎትም፤ ጋሽ መኩሪያም የሚጠይቁትን አያውቁትም ነበር። እባክዎን፣ ሰው ግማሹን ብቻ የተጸጸተበትን በደል እንዴት አድርጎ እንደሚናዘዝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ይንገሩኝ።